ይድነቃቸው ተሰማና የዋንጫው ሕግ

በጥሎ ማለፍ ውድድር የተሸነፈ ቡድን ዳግም ዕድል የለውም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ውድድር የሚከበረው ሕጉ ለትልቁም ለትንሹም አንድ ሲሆን ነው። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ እኩልነት ነበር።

መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ የተወለዱት ይድነቃቸው የስመ ጥሩው ባለቅኔ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ መጫወት የጀመሩት ገና በአፍላ ዕድሜያቸው ሲሆን፣ ከሃያ ዓመታት በላይ ማልያውን አላወለቁም። በፋሺስት ወረራ ዘመን ኢትዮጵያውያን ከጣሊያኖች ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይጋጠሙ በመከልከሉ፣ ኳስም በቀለም እንደሚከፈል በወጣትነታቸው አዩ።

ከነጻነት በኋላ ለእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ምሥረታ ግንባር ቀደም ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1944 የሊግ ውድድር፣ በ1945 ደግሞ የኢትዮጵያ ዋንጫ ተጀመረ። በእነዚያ ዓመታት ቅዱስ ጊዮርጊስ በአዲስ አበባ ከሚኖሩት የአርመን፣ የግሪክና የጣሊያን ማኅበረሰቦች ቡድኖች ጋር በአንድ ሕግ ይጋጠም ነበር።

በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲቋቋም ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ጥሎ ማለፍ ሲሆን፣ ዕጣው ኢትዮጵያን ከደቡብ አፍሪካ ጋር አገናኘ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች፤ በግብፅም 4 ለ 0 ተሸነፈች። ዋንጫው ቢቀርም ሕጉ ጸና።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በእሳቸው አሠልጣኝነት፣ በሉቻኖ ቫሳሎ አምበልነት የተሰለፈው ቡድን ያችኑ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትቶ ዋንጫውን አነሣ።

አፍሪካ ቀጥተኛ የማለፍ ዕድል በመነፈጓ ከ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ራሷን ስታገልል ይድነቃቸው ከግፊቱ ዋነኞች አንዱ ነበሩ። ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ የዚያ ዘመን ተጫዋቾች መድረኩን ሳያዩ ቀሩ። ይሁንና በ1962ቱ ዋንጫ አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች።

በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በእሳቸው ዘመን፣ በ1967 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ተጀመረ፤ በአገሩ ጥሎ ማለፍ ያሸነፈ ክለብ፣ የሊግ ሻምፒዮን ባይሆንም፣ ወደ አህጉሩ የሚወጣበት በር ተከፈተ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ለረጅም ዓመታት የታገሉለት ደቡብ አፍሪካን ከፊፋ የማስወጣት ውሳኔ ጸደቀ።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በሥልጣናቸው ላይ እንዳሉ ዐረፉ። የሥራቸው ትርጉም ከመዲናይቱ ርቆ፣ በአርባ ምንጭ ሴቻ ኳስ ለሚያንከባልል ልጅም ግልጽ ነው፤ በጥሎ ማለፍ የእርሱ ከተማ ክለብ የአዲስ አበባውን ኃያል በአንድ ቀን ጨዋታ ሊያሰናብት ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ሕጉ ሁለቱንም በአንድ ዓይን ሲያይ ነው።