ዊልያም ብላንፎርድና የወንዞቻችን ጠጠር

ከጉና ተራራ ተነሥተው ወደ ጣና የሚወርዱትን ርብንና ጉማራን በበጋ የተሻገረ ሰው፣ ከውሃው ከፍ ብሎ በወንዙ ዳር አፈር ውስጥ የተድበለበለ ጠጠር ቢያይ አይገረም። ድንጋይን ክብ የሚያደርገው መንከባለል ነውና፣ ወንዙ ዱሮ በዚያ ከፍታ ይሄድ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጠጠር ማንበብ ከሚያውቁት ሊቃውንት አንዱ ዊልያም ብላንፎርድ ነበር። ወደ አገራችን ያመጣው ግን ጦር ነው።

ብላንፎርድ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1832 በለንደን ተወለደ። በማዕድን ትምህርት ቤት ተምሮ በ1855 ከወንድሙ ከሄንሪ ጋር ለሥነ ምድር ጥናት ወደ ሕንድ ሄደ። እዚያም ታልቺር በተባለው ስፍራ ትልልቅ ቋጥኞች በደቃቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብረው አገኙ። ነገሩ እንቆቅልሽ ነው፤ ቋጥኝ የሚገፋ ጎርፍ ጭቃውን ጠርጎ ይወስደዋል፤ ጭቃ የሚያሳርፍ ዝግ ያለ ውሃ ደግሞ ቋጥኝ አያነሣም። ሁለቱን አንድ ላይ ሊያኖር የሚችለው በረዶ ነው አሉ። በዚያ በሚያቃጥል አገር ይህን ማለት ድፍረት ነበር፤ ዳሩ ግን በኋላ በበረዶ የተፋቁ ድንጋዮች በሕንድ ተገኝተው ነገሩ ጸና።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲወጣ ብላንፎርድ አብሮ መጣ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ፣ ድንጋዩን እያስፈነቀሉ፣ አንዳንዴም በገዛ እጃቸው እያነሡ፣ መንገድ እያወጡ ወደ መቅደላ ይጓዙ ነበር። እሳቸው መንገድ ያወጡበት ጥቁር ድንጋይና ብላንፎርድ በመዶሻ የሚሰብረው ጥቁር ድንጋይ፣ ሁለቱም ጥንት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ነው። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን ሞቱ።

ብላንፎርድ በ1870 በአውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ የታችኛውን የእሳተ ገሞራ ንብብር አሸንጌ፣ የላይኛውን መቅደላ ብሎ ሰየመ። ስሞቹ እስከ ዛሬ ይነገራሉ። በእኛ ግምት ግን የጦር መንገድ ዐይን ይጋርዳል። በሕንድ የጥንቱን በረዶ ያነበበው ይህ ሰው በትግራይ አለፈ፤ የትግራይ የጥንት በረዶ ደለል ግን ለዓለም የተገለጸው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1971 በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። አንወቅሰውም፤ ጦሩ የሚቸኩለው እስረኞቹን ለማስፈታት ነበር።

ወደ ደብረ ታቦርም ከቶ አልደረሰም። ቢደርስ ኖሮ የቅርቡን የበረዶ ዘመን ነገር ይጠይቅ ነበር ብለን እናስባለን። በዚያ ዘመን የሰሜን ተራሮች ግግር በረዶ ነበራቸው፤ ጣናም ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት መድረቁን ከሥሩ የወጣው ጭቃ መስክሯል። ብርድና ድርቅ ሲበረታ ሣሩና ዛፉ ይሳሳል፤ ውርጩ የሰነጠቀው ድንጋይ ቁልቁል ይወርዳል፤ የደከመው ወንዝ ሸክሙን መግፋት ተስኖት ጠጠሩን በአልጋው ላይ ይከምራል። ዝናሙ ሲመለስ ወንዙ ይበረታና የገዛ አልጋውን ይቈርጣል፤ አሮጌው አልጋ እንደ እርከን ከላይ ይቀራል።

ብላንፎርድ በ1882 ከሕንድ ሥራው ተሰናብቶ፣ በለንደን የሥነ ምድር ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኖ አገልግሎ፣ በ1905 ዐረፈ።