የጀሶው በገና፦ የቀራፂ አውጉስታ ሳቬጅ ሕይወትና ትግል

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰቡ ኑሮ ተነጥሎ ለብቻው የሚታይ ነገር አይደለም። አንድ ሐውልት በአደባባይ ከመቆሙ፣ አንድ ሥዕል በሕዝብ ማዕከለ ሥዕላት ግድግዳ ላይ ከመሰቀሉ በፊት፣ ሥራውን ያዘዘው ማን ነው? የሠራውስ? ወጪውን የቻለውስ? የሚሉት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ልዩ ልዩ ዘርና ብሔረሰብ አብሮ በሚኖርበት አገር ደግሞ ሌላ ከባድ ጥያቄ ይታከልበታል። ይኸውም ትእዛዙ ለአገሪቱ ልጆች ሁሉ ይደርሳል ወይስ ለጥቂቶች ብቻ? የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ በሕይወቷ ሙሉ ስትታገልለት የኖረችውን ጥቁር አሜሪካዊት ቀራፂ የአውጉስታ ሳቬጅን ታሪክ ለመመልከት እንወዳለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አውጉስታ በ1892 በፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር ግሪን ኮቭ ስፕሪንግስ በምትባል የጡብ መሥሪያ ከተማ ተወለደች። ከ14 ልጆች ሰባተኛዋ ነበረች። ከሠፈሯ ቀይ ጭቃ እያነሣች ዳክዬና ሌሎች እንስሳት ስታበጅ፣ ድኻው ሰባኪ አባቷ የተቀረፀ ምስል መሥራት ኃጢአት ነው በማለት ይቀጧት ነበር። ይሁን እንጂ ዱላው እጇን ከጭቃው አላላቀቀውም። በ1921 ከአምስት ዶላር ያነሰ ገንዘብ ይዛ ኒው ዮርክ ገባች፤ በዚያን ጊዜ ያለክፍያ ያስተምር በነበረው በኩፐር ዩኒየን ትምህርት ቤትም የአራቱን ዓመት ትምህርት በሦስት ዓመት አጠናቀቀች። ለዕለት ጉርሷ በልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ስለነበር፣ ከላብ አደሩ ኑሮ የራቀች አርቲስት አልነበረችም።

በ1923 አንድ መቶ አሜሪካውያን ሴቶች በፈረንሳይ አገር በፎንቴንብሎ በሚሰጠው የክረምት ትምህርት እንዲካፈሉ ሲመረጡ፣ አውጉስታ በቆዳዋ ቀለም ምክንያት ብቻ ተከለከለች። መራጮቹ የሰጡት ሰበብ ከደቡብ የሚመጡት ነጮች ተማሪዎች ቅር ይላቸዋል የሚል ነበር። እርሷ ግን በደሏን በሆዷ ይዛ አልተቀመጠችም፤ ጉዳዩን ለጋዜጦች አቀረበች። ውሳኔው ባይሻርም የዘር አድልዎው በይፋ ተጋለጠ።

በእነዚሁ ዓመታት የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሃርለም ቅርንጫፍ የታላቁን ጥቁር ምሁር የዊልያም ዱ ቦይስን ጉርድ ምስል እንድትሠራ አዘዛት። በሕዝብ ቤት ውስጥ የሕዝቡ ልጅ የሕዝቡን ምሁር ስትቀርፅ ታየች። ሃርለም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ስም አይደለም፤ ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935 አገራችንን በወረረ ጊዜ ነዋሪዎቿ ወረራውን በመቃወም አደባባይ ወጥተዋል። አውጉስታም በ1929 አንድ የሠፈር ልጅ ቀርፃ ባገኘችው የትምህርት ድጋፍ ወደ ፓሪስ ስትሄድ፣ የሃርለም ሰዎችና ጥቁር መምህራን ለጉዞዋ ገንዘብ አዋጥተውላታል።

ከፓሪስ ስትመለስ የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ሚሊዮኖችን ሥራ ፈት አድርጎ ነበር። በ1932 በአንድ ምድር ቤት ውስጥ የራሷን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከፍታ የሠፈሩን ልጆች ማስተማር ጀመረች። መንግሥት በ1935 ለሥራ አጥ አርቲስቶች የፌዴራል የሥነ ጥበብ ፕሮጀክትን ሲያቋቁም፣ ጥቁሮች አርቲስቶች በየሳምንቱ ደመወዝ የሚያገኙበትና ለሕዝብ ሕንፃዎች ሥራ የሚያቀርቡበት ዕድል ተከፈተ። ዕድሉ ግን ያለ ትግል አልተገኘም። የሃርለም አርቲስቶች ማኅበር በዚያው ዓመት ሲመሠረት ከግንባር ቀደሞቹ አንዷ አውጉስታ ነበረች፤ ማኅበሩም ጥቁሮች እንዲቀጠሩና ኃላፊዎች እንዲሆኑ አጥብቆ ጠየቀ። በ1936 የሃርለም ሆስፒታል አስተዳዳሪ ጥቁሮች የነደፏቸውን የግድግዳ ሥዕሎች የጥቁር ሕይወት በዛባቸው ብሎ ባልተቀበለ ጊዜ፣ አርቲስቶቹ በኅብረት ተነሥተው ሥዕሎቹ እንዲሠሩ አስደረጉ።

በ1937 የሃርለም ኅብረተሰብ የሥነ ጥበብ ማዕከል ሲከፈት የመጀመሪያዋ ዳይሬክተር አውጉስታ ሆነች። ያዕቆብ ላውረንስ የተባለውን ወጣት ሠዓሊ እጁን ይዛ ወደ ፕሮጀክቱ ቢሮ ወሰደችው፤ ዕድሜው አልደረሰም ተብሎ ሲመለስ፣ ሃያ አንድ ዓመት በሞላው ጊዜ ዳግመኛ ወስዳ አስቀጠረችው። ይህ ልጅ በ1941 ጥቁሮች ከደቡብ ወደ ሰሜን ያደረጉትን ፍልሰት በ60 ሥዕሎች ተረከ። ሠላሳዎቹን የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ሠላሳዎቹን ደግሞ በዋሽንግተን የሚገኘው የፊሊፕስ ማዕከለ ሥዕላት ገዙ።

በዚሁ ጊዜ ለ1939 የኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ሐውልት እንድትሠራ ታዘዘች። ይህን ዕድል ካገኙት ጥቂት ሴቶች አንዷ ነበረች። ጥቁሮች እንደ ብሔራዊ መዝሙራቸው ከሚቆጥሩት መዝሙር ተነሥታ ቁመቱ አምስት ሜትር የሚጠጋ በገና ቀረፀች። ክሮቹ በቁመት ተራ የቆሙ አሥራ ሁለት ጥቁር ዘማሪዎች ሲሆኑ፣ የተሸከማቸው የእግዚአብሔር ክንድና መዳፍ ነው። ሚሊዮኖች ጎበኙት፤ ትናንሽ ቅጂዎቹም ለማስታወሻ ተሸጡ።

ይሁን እንጂ ሐውልቱ የተሠራው ከጀሶ ነበር። በነሐስ ለማስቀረፅም ሆነ ለማስቀመጥ የሚበቃ ገንዘብ የሰጣት አልነበረም። በመሆኑም ኤግዚቢሽኑ በ1940 ሲያበቃ በገናው በቡልዶዘር ፈረሰ። ሐውልቱን ለመሥራት ፈቃድ ወስዳ የተለየችው የዳይሬክተርነት ቦታም በሌላ ሰው ተይዞ ቆያት። በ1939 በሃርለም የከፈተችው ማዕከለ ሥዕላት በገንዘብ እጥረት ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። በ1945 ወደ ሶገርቲስ ገጠር ሄዳ በጸጥታ ኖረች፤ በ1962 በኒው ዮርክ አረፈች። ነሐስ ውድ ስለነበር አብዛኞቹን ሥራዎቿን በጀሶና በሸክላ ሠርታለች፤ ብዙዎቹም ጠፍተዋል። በትውልድ ክፍለ ሀገሯ በጃክሰንቪል ከተማ አንድ ሙዚየም የተረፉትን ሰብስቦ ሰፊ ትርኢት ያቀረበው በ2018 ነበር።

ከዚህ ሕይወት የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው። ለተጨቆነ ሕዝብ ልጅ ሥራ ማዘዝ የእኩልነት ግማሹ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ የተሠራውን ጠብቆ ለትውልድ ማቆየት ነው። አንዱን በነሐስ፣ ሌላውን በጀሶ የሚያሠራ ሥርዓት ሁለቱንም ጋብዣለሁ ቢል እንኳ በመካከላቸው አድልዎ አድርጓል። ስለዚህ የሠፈር ማኅበር አባላትና ሠራተኞች የአዳራሻቸውን ግድግዳ ለማሳመር ወይም ሐውልት ለማቆም በሚመክሩበት ጊዜ ማን እንደተጋበዘ፣ ማን እንደተረሳና ለጥበቃው ምን ያህል እንደተመደበ መጠየቅ ይገባቸዋል። የአውጉስታ በገና ፈርሷል፤ ያስተማረቻቸው ልጆች ሥራዎች ግን ዛሬም በሕዝብ ማዕከላት ተሰቅለው ይታያሉ። ቡልዶዘሩ ያልደረሰበት ሐውልቷ ይህ ነው ብለን እናምናለን።