ዳንኤል ጉችና የስዊንደን የባቡር ጥገና ሥፍራ

የምድር ባቡር ታሪክ ሲነሣ ድልድይ የዘረጉና ተራራ የበሱ መሐንዲሶች ስም ይቀድማል። ባቡሩ ማታ ገብቶ የሚያድርበትን፣ ተሰብሮም የሚጠገንበትን ቤት ያቀደ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዳንኤል ጉች ከእነዚህ አንዱ ነው።

ጉች እ.ኤ.አ. በ1816 በሰሜን እንግሊዝ፣ በቤድሊንግተን ተወለደ። በብረታ ብረት ፋብሪካ እጁን አፍታቶ፣ ኋላም በሮበርት ስቲቨንሰን ፋብሪካ ሠርቶ፣ በ1837 ገና 21 ዓመት ሳይሞላው የግሬት ዌስተርን የባቡር ኩባንያ የሎኮሞቲቭ ኃላፊ ሆነ። የቀጠረው የኩባንያው ዋና መሐንዲስ ኢዛምባርድ ብሩኔል ነበር። ብሩኔል በሐዲድና በድልድይ ሥራ አቻ ባይገኝለትም፣ ባወጣው መመዘኛ መሠረት የተሠሩት ሎኮሞቲቮች ግን ከጉዞ ይልቅ ለጥገና የተፈጠሩ ይመስሉ ነበር። በ1838 መስመሩ ሲከፈት ከሁሉ ይበልጥ እምነት የተጣለበት ከስቲቨንሰን ፋብሪካ የመጣው «የሰሜን ኮከብ» ነበር። ወጣቱ ኃላፊ ሌሊቱን በሎኮሞቲቮቹ ቤት እያሳለፈ፣ ለማግሥቱ ጉዞ የሚበቁትን ይጠጋግን ጀመር። ዲሬክተሮቹ የችግሩን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያስረዳ ባዘዙት ጊዜም እውነቱን ጻፈ፤ ለሥራ ያበቃውን አለቃውን ለጊዜውም ቢሆን አስቀየመ። ወዳጅነታቸው ግን በዚህ አልተቋረጠም።

ከዚህ መከራ የተገኘው ትምህርት ትልቅ ነበር። ጉች አዲስ ንድፍ አውጥቶ 62 ሎኮሞቲቮች ለ7 ፋብሪካዎች ሲታዘዙ፣ ለእያንዳንዱ ፋብሪካ አንድ ዓይነት የታተመ ንድፍና የብረት መለኪያ ቅርጽ ላከ። የአንዱ ክፍል ለሌላው እንዲገጥም ማለት ነው። መለዋወጫ የሌለው ጋራዥ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ባለሙያ የዚህን ዋጋ አይስተውም።

የጥገናው ሥፍራ የት ይሁን የሚለው ጥያቄ በ1840 ተነሣ። የ24 ዓመቱ ጉች ስዊንደንን መረጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ የቼልትናም መስመር የሚገነጠለው እዚያ ነው፤ ከለንደን እስከዚያ ያለው መንገድ ለጥ ያለ ሲሆን ከዚያ ወደ ብሪስቶል ግን ቁልቁለቱና ዳገቱ ይበረታል፤ ስለዚህ ሎኮሞቲቩ መለወጡ አይቀርም። በአቅራቢያው የሚያልፈው የጀልባ ቦይም ድንጋይ ከሰል ለማምጣት ያመቻል። ብሩኔል ሐሳቡን ደገፈ፤ ዲሬክተሮቹም በ1841 ፈቀዱ፤ በ1843 መጀመሪያ ላይ ሥራ ጀመረ።

በገጠር ሜዳ ላይ ፋብሪካ መትከል ግን ሠራተኛ ከነቤተ ሰቡ መትከልም ነበር። ኩባንያው የድንጋይ ቤቶች በረድፍ አሠራ፤ ድሬዳዋን የሚያውቅ አንባቢ እንዲህ ያለውን የከተማ አወላለድ አይስተውም። በ1840ዎቹ መጨረሻ የገንዘብ ችግር ሲመጣ ብዙ ሰው ከሥራ ወጣ፤ የቀረውም ደመወዙ ስለጎደለ ሐኪም ለመክፈል አቃተው። በ1847 የተቋቋመው፣ ሠራተኛው ከደመወዙ ጥቂት እያዋጣ የሚታከምበት ማኅበር የዚህ ጭንቅ ልጅ ነው፤ ጉችም ለመቋቋሙ ድርሻ ነበረው።

በ1846 ስዊንደን የራሱን ሎኮሞቲቭ በ13 ሳምንት አጠናቆ አስወጣ፤ «ግሬት ዌስተርን» ተባለ። ፍጥነቱ ተደነቀ፤ ሆኖም ከፊት የወረደበት ክብደት በዝቶ በዚያው ዓመት የፊት አክሱ በጉዞ ላይ ተሰበረ። ጉች ሌላ አክስ ጨመረበት፤ ተከታዮቹ ሎኮሞቲቮችም በዚሁ ቅርጽ ተሠሩ።

በ1864 ከሥራው ተሰናብቶ፣ ብሩኔል ባቀደው በግሬት ኢስተርን መርከብ የአትላንቲክን የቴሌግራፍ ሽቦ ለመዘርጋት ተሠማራ፤ በ1866 ተሳካለት፤ የማዕረግ ስምም ተሰጠው። ከ1865 ጀምሮ ግን የቀድሞው ኩባንያው ሊቀ መንበር ሆኖ ነበርና፣ በ1889 እስኪሞት ድረስ መራው። ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተለት 7 ጫማ ስፋት ያለው ሐዲድ ግን በሌሎቹ ኩባንያዎች ጠባብ ሐዲድ ተሸንፎ ነበር። በሞተ በ3 ዓመቱ፣ በግንቦት 1892፣ የመጨረሻው ሰፊ ሐዲድ ተነሣ፤ በዚያ ላይ ይሄዱ የነበሩት ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎችም ወደ ስዊንደን ተነዱ። ከፊሎቹ ለአዲሱ ስፋት እንዲስተካከሉ፣ የቀሩትም እንዲፈርሱ፣ እሱ በመረጠው ሜዳ ላይ ተሰልፈው ተራቸውን ጠበቁ።