ድምፅን በመቀመጫ ትራስ የለካ መምህር፤ የዋላስ ሴቢን ሕይወትና ሥራ

ለዚህ ዓመት መጽሔት ስለ ድምፅ መጣጭ የፋይበርግላስ ፓነሎች አመራረጥ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ አዘጋጆቹ በጠየቁኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብሁት ውፍረትንና እፍጋትን የሚያነጻጽሩ ሠንጠረዦችን ደርድሬ ለመገላገል ነበር። ዳሩ ግን በእነዚያ ሠንጠረዦች ውስጥ የሰፈረውን እያንዳንዱን ቁጥር መስፈሪያ ያበጀለት አንድ ሰው ነው። የእርሱን ድካም ሳያውቅ ቁጥሩን የሚያነብ መሐንዲስ ደግሞ ቁጥሩ የማይለውን እንዳለ አድርጎ ይረዳዋል፤ ይህን የምናገረው በራሴ ላይ ከደረሰው ተነሥቼ መሆኑን ወደ ኋላ እገልጻለሁ። ስለዚህም ጽሑፉ ከፓነሉ ይልቅ ወደ ሰውየው ቢያዘነብል አንባቢ ይቅር እንዲለኝ እለምናለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋላስ ክሌመንት ሴቢን በ1868 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ሪችውድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ወደ ሃርቫርድ አመራ፤ በ1888ም የማስተርስ ዲግሪውን ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ ለዶክትሬት አልተቀመጠም። ማስተማሩንና የተማሪዎቹን ቤተ ሙከራ ማደራጀቱን ከማዕርግ አስበልጦ የያዘ ይመስላል። በ1895 ረዳት ፕሮፌሰር ሲሆን ገና የሃያ ሰባት ዓመት ጎልማሳ ነበር።

በዚያው ዓመት ሃርቫርድ ፎግ የተባለውን የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር አስመርቆ ከፈተ። ሕንፃውን የነደፈው በዘመኑ እጅግ የተከበረው አርክቴክት ሪቻርድ ሞሪስ ሀንት ነበር። ሆኖም በውስጡ ያለው የመማሪያ አዳራሽ ሥራ በጀመረ ጊዜ መምህሩ የሚናገረውን ተማሪው ለይቶ መስማት አቃተው። ባዶው አዳራሽ አንዲትን ድምፅ ከአምስት ሰከንድ ተኩል በላይ ሳያጠፋ ያቆያት ነበር። አንድ ተናጋሪ በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ ብዙ ቃላት ስለሚናገር፣ የፊተኛው ቃል ሳይሞት የኋለኛው እየደረሰ ሁሉም በአንድነት ጫጫታ ይሆናል።

የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት መድኀኒት እንዲፈልግለት ሴቢንን ጠየቀው። የአዳራሽ ድምፅ ነገር በዚያን ዘመን ከሳይንስ ይልቅ ለዕድል የቀረበ ነበር። አዳራሹ ከሠመረ አርክቴክቱ ይመሰገናል፤ ካልሠመረ ከጣሪያው ሥር ሽቦ ይወጠራል። ሽቦ መወጠሩ ምንም እንደማይፈይድ ኋላ ያስረዳው ሴቢን ራሱ ነው።

የሴቢን መሣሪያዎች ጥቂት ነበሩ፤ በተጠራቀመ አየር የሚነፋ፣ በሰከንድ 512 ጊዜ የሚርገበገብ አንድ የኦርጋን ቧንቧ፣ ጊዜ መዝጋቢ መሣሪያና የራሱ ጆሮ። ቧንቧውን ያስጮሃል፤ ያቆማል፤ ድምፁ ከጆሮው እስኪጠፋ ድረስ ያለውን ጊዜ ይመዘግባል። ለዚህ ፍጹም ጸጥታ ስለሚያስፈልግ ሥራው ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። በአቅራቢያው ሳንደርስ ቴአትር የሚባል ጥሩ ድምፅ ያለው አዳራሽ ነበርና፣ ሴቢን ከረዳቶቹ ጋር የዚያን ቤት የመቀመጫ ትራሶች ሌሊት ሌሊት እየተሸከመ ወደ ፎግ ያመጣ ጀመር። ጥቂት ትራስ ያስገባል፤ ይለካል፤ ደግሞ ይጨምራል፤ ሲነጋ ሁሉንም ወደ ቦታቸው ይመልሳል። ወንበሩና መተላለፊያው፣ መድረኩና የኋላው ግድግዳ ሁሉ በትራስ በተሸፈነ ጊዜ 5.62 ሰከንድ የነበረው ጊዜ ወደ 1.14 ሰከንድ ወረደ።

በዚህ መካከል የሆነ አንድ ነገር ለእኛ ለመሐንዲሶች ከቀመሩም የበለጠ የሚያስተምር ይመስለኛል። ሴቢን የለካቸው ጊዜያት በጥቂቱ እየተለያዩ ቢያስቸግሩት ምክንያቱን ሲፈልግ ለካስ የራሱ ልብስ ኖሯል! ወፍራም ካፖርት የለበሰ ሌሊትና ቀለል ያለ ልብስ የለበሰ ሌሊት አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም። የሚፈልገው ልዩነት ከልብሱ ተጽዕኖ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ስላገኘው በሺሕ የሚቆጠሩ ልኬቶችን ጥሎ እንደገና ጀመረ፤ ከዚያም ወዲህ በሙከራ ሌሊት የሚለብሰው ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ልብስ ሆነ። ከእኛ መካከል ስንቱ ይህን ያደርግ ይሆን?

በ1898 ሄንሪ ሊ ሂጊንሰን የተባለው ባለጸጋ፣ የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሥራች፣ አዲስ አዳራሽ ሊያሠራ ተነሥቶ ነበር፤ ኤልየትም ሴቢንን ጠቆመለት። ሴቢን ግን አመነታ፤ ቁጥሮቹ በእጁ ቢኖሩም የሚያስተሳስራቸው ሕግ ገና አልተገለጸለትም ነበር። በጥቅምት ወር 29ኛው ቀን ማታ ልኬቶቹን በሥዕል ሲመለከት የመጣጩ ነገር መጠንና ድምፁ የሚቆይበት ጊዜ ሲባዙ ውጤቱ እንደማይለወጥ፣ ማለትም ኩርባው ሃይፐርቦላ መሆኑን አየ። የምሥራቹንም በመጀመሪያ የነገረው ለእናቱ እንደሆነ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ይናገራሉ። ሥራውንም ተቀበለ።

ሕጉን ዛሬ የምንጽፈው እንዲህ ነው፤ የድምፁ ዕድሜ በሰከንድ፣ የአዳራሹ ይዘት በሜትር ኩብ በ0.161 ተባዝቶ ለጠቅላላው የመምጠጥ ኀይል ሲካፈል ነው። የመምጠጥ ኀይል መስፈሪያ አድርጎ ሴቢን የመረጠው የተከፈተ መስኮትን ነው፤ በመስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስምና። የፎግ አዳራሽ ይዘት 2,740 ሜትር ኩብ ያህል ስለነበረ፣ ባዶውን ሳለ የነበረው የመምጠጥ ኀይል ከ80 ካሬ ሜትር ክፍት መስኮት አይበልጥም ነበር ማለት ነው። ትራሶቹ ሲገቡ ወደ 390 ካሬ ሜትር ደረሰ።

የቦስተን አርክቴክቶች የላይፕሲኩን ገቫንድሃውስ መልክ ይዘው 1,500 ያህል ሰው ከሚይዘው ከዚያ አዳራሽ 2,600 ያህል ሰው የሚይዝ አዳራሽ ለማውጣት አስበው ነበር። ሴቢን አስልቶ፣ ልኩን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ማሳደግ ድምፁን ከመጠን በላይ እንደሚያስረዝመው አስረዳ። አዳራሹም ጠባብና ረጅም ሆኖ ተሠርቶ በጥቅምት 1900 ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ሐያስያን ግን በአንድ ቃል አላሞገሱትም፤ ተቺዎችም ነበሩ። ሴቢን በስሌቱ ያገኘው 2.31 ሰከንድ ሲሆን፣ አዳራሹ በሰው ሲሞላ በኋለኛው ዘመን የተለካው ከሁለት ሰከንድ በታች ነው። ስለዚህ በቁጥሩ ስቷል፤ በውሳኔው ግን አልሳተም። አዳራሹ ዛሬ ከዓለም ምርጥ የሙዚቃ አዳራሾች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል፤ ይህን ስም ያገኘው ግን ከእርሱ ሞት በኋላ ነው።

ስለ መጣጭ ነገሮችም ብዙ ደክሟል። የፎግን አዳራሽ ለትምህርት የሚበቃ ያደረገው በግድግዳው ላይ በተለጠፈ ፌልት ነበር። ከራፋኤል ጓስታቪኖ ልጅ ጋር ሆኖም ድምፅ የሚመጥጥ ባለቀዳዳ ሸክላ ፈለሰፈ። ፌልት ግን ይቃጠላል፤ ብልም ይበላዋል። የብርጭቆ ክር በፋብሪካ በብዛት መመረት የጀመረው በ1930ዎቹ ስለሆነ ሴቢን ፋይበርግላስን አላየም፤ ይሁን እንጂ ፓነሉ የሚሠራው እርሱ በትራሶቹ በተጠቀመበት ብልሃት ነው። አየሩ በክሮቹ መካከል ሲርገበገብ ከክሮቹ ጋር ይፋተግና የድምፁ ኀይል ወደ ጥቂት ሙቀት ይለወጣል።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት አንድ መሥሪያ ቤት የስብሰባ አዳራሹ ቢያስቸግረው እኔን አማከረ። እኔም ዋጋ ለመቀነስ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለውን ደረቅ ፓነል መርጬ በቀጥታ በግድግዳው ላይ አስለጠፍሁ። ቀጭኑ ድምፅ ጠፋ፤ ወፍራሙ ድምፅ ግን እንዳለ ቀረ። ተናጋሪው በእንስራ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ይመስል ነበር። እንዲህ ያለው ፓነል በ125 ኸርዝ የሚመጥጠው አንድ አሥረኛ ያህል፣ በ250 ኸርዝም ከሲሶ ያነሰ ነው። ሞገዱ ከግድግዳው ሥር የአየር እንቅስቃሴ ስለሌለው፣ መጣጩ ከግድግዳው ራቅ ማለት ወይም መወፈር አለበት፤ የ100 ኸርዝ ሞገድ ሩቡ ብቻ 85 ሴንቲ ሜትር መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። አምስት ሴንቲ ሜትር ፓነል፣ ከኋላው ደግሞ ያንኑ የሚያህል ባዶ ቦታ ትቼ ባቆም ኖሮ ገንዘቡ በከንቱ ባልፈሰሰ ነበር። እፍጋቱን መጨመር ውፍረትን አይተካም፤ በሜትር ኩብ 48 ኪሎ ግራም ያህሉ ለብዙ አዳራሽ ይበቃል። መሥሪያ ቤቱም በበኩሉ ከዓመት በኋላ ፓነሎቹን ከግድግዳው ጋር እንዲመሳሰሉ በዘይት ቀለም አስቀብቶ ጠበቀኝ፤ ቀዳዳው ከተደፈነ ደግሞ ከልስን የሚለይ ነገር የለውም። መሸፈን ካስፈለገ አየር የሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ ይሻለዋል። ጨርቁን ወደ አፍ አስጠግቶ በመተንፈስ መፈተን ይቻላል።

ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። በፋብሪካ ሠንጠረዥ ውስጥ 1.14 የሚል ቁጥር ይገኛል። ከተከፈተ መስኮት የበለጠ የሚመጥጥ ፓነል ሊኖር አይችልም፤ ቁጥሩ የተነሣው በቤተ ሙከራው የተፈተነው ቁራጭ በጠርዙም በኩል ድምፅ ስለሚስብና ስሌቱ የፊቱን ስፋት ብቻ ስለሚቆጥር ነው። ትልቅ አዳራሽ ሲሰላ ከአንድ በላይ አለመውሰድ ይመረጣል። የሴቢን ቀመር ራሱም በጣም መጣጭ በሆነ ክፍል ስለሚስት ካርል አይሪንግ በ1930 አርሞታል።

ሴቢን በዩኒቨርሲቲው የዲንነት ሥራ ጭምር ተሸክሞ ዓመታት ካሳለፈ በኋላ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። በፓሪስ ሶርቦን አስተማረ፤ ከዚያም ለአገሩ በአውሮፕላን ማምረት ጉዳይ በዋሽንግተን ሲያገለግል የኩላሊት ሕመም ይዞት ሳለ ዕረፍት አልወሰደም። በጥር 1919፣ በሃምሳ ዓመቱ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አረፈ። ጆርጅ ፌቢያን የተባለው ሀብታም በኢሊኖይ ግዛት፣ ጄኔቫ በምትባል ከተማ ለእርሱ ብሎ ያሠራለት የድምፅ ቤተ ሙከራ ገና መጠናቀቁ ነበር፤ ሥራውን የአጎቱ ቤት ዘመድ የሆነው ፖል ሴቢን ተረከበው። የሴቢን ጽሑፎች በ1922 በአንድነት ታተሙ፤ የመምጠጥ ኀይል መስፈሪያውም በስሙ ሴቢን ተባለ።

የፎግ አሮጌው ሕንፃ በ1973 ፈረሰ፤ በቦታውም የተማሪዎች መኖሪያ ተሠራበት። ትራሶቹ የመጡበት ሳንደርስ ቴአትር ግን ዛሬም ኮንሰርት ይሰማበታል።