ወይዘሮ ዲያናና የሕፃናቱ መዝገብ

ውድ አንባቢ፣ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ከእናቱ ጉያ ተነጥቆ ሲወሰድ ያስቡት። ወተትና ልብስ ያገኘ እንደሆነ ነፍሱ ትተርፍ ይሆናል። የማን ልጅ መሆኑንስ ማን ይነግረዋል? በጦርነት መካከል ይህን ያሰቡ አንዲት ሴት ነበሩ።

ወይዘሮ ዲያና ቡዲሳቭልየቪች እ.ኤ.አ. በ1891 በኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ ተወለዱ። ሰርብ የሆኑ የቀዶ ሕክምና ሐኪም አግብተው ከ1919 ጀምሮ በዛግሬብ ኖሩ። አዲስ አበባ ከጣልያን እጅ በወጣችበት በዚያው ሳምንት፣ በሚያዝያ 1941፣ ጀርመንና አጋሮቿ ዩጎዝላቪያን ወረሩ። በክሮኤሺያ ሥልጣን የያዘው የኡስታሻ አገዛዝም ሰርቦችን፣ አይሁዶችንና ሮማዎችን ወደ ማጎሪያ ያግዝ ጀመር።

በጥቅምት ወር ዲያና ሎቦርግራድ በተባለ ማጎሪያ ሴቶችና ሕፃናት መታሰራቸውን ሰሙ። ልብ ይበሉ፤ እኚህ ሴት ሹመት የላቸውም፣ ባለቤታቸውም ከሚታደነው ወገን ናቸው። ቢሆንም ከጥቂት ወዳጆች ጋር ምግብ፣ ልብስና መድኃኒት አሰባሰቡ። እስረኞቹን አስቀድሞ ይረዳ የነበረው የዛግሬብ አይሁድ ማኅበረሰብም አገዛቸው።

በ1942 ክረምት በኮዛራ ተራራ ከተካሄደው ዘመቻ በኋላ ግን ስንቅ መላክ ብቻውን የሚበቃ አልሆነም። ከወላጆቻቸው የተለዩ ልጆች በስታራ ግራዲሽካ ማጎሪያ በረሃብና በበሽታ ያልቁ ነበር። ዲያና ልጆቹን ለማውጣት የጽሑፍ ፈቃድ ያገኙት በአንድ የጀርመን መኮንን በኩል ነው። የወራሪን ደጅ መጥናት ያስነቅፋል የሚል ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን ልፈርድባቸው አልደፍርም። የቀይ መስቀል ነርስ ልብስ ለብሰው ልጆቹን በባቡር አወጡ። ብዙዎቹ ከወጡ በኋላም ሞቱ። የተረፉትን ካሪታስ በተባለው የካቶሊክ በጎ አድራጎት ድርጅት አማካይነት በከተማና በገጠር ቤተሰቦች ዘንድ አስጠጓቸው።

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስ። ዲያናና ረዳቶቻቸው ከማጓጓዣ ዝርዝሮቹ እየለቀሙ ለልጆቹ ካርድ አዘጋጁ። ከጦርነቱ ወዲያ የሚመጣ ወላጅ ልጁን የሚያገኝበት መንገድ እንዲኖረው ነበር። ካርዶቹ ወደ 12,000 ልጆችን የሚመለከቱ ሆኑ።

ግንቦት 28 ቀን 1945 የአዲሱ መንግሥት የጸጥታ መሥሪያ ቤት ባዘዘው መሠረት መዝገቡን አስረከቡ። ለዓመታት የደከሙበት ሥራ በአንድ ቀን ከእጃቸው ወጣ። በዚያች አገር ስማቸው ሳይነሣ ዓመታት አለፉ። በ1972 ወደ ኢንስብሩክ ተመለሱ፤ በ1978 በ87 ዓመታቸው ዐረፉ። በጦርነቱ ዘመን የጻፉት የዕለት ማስታወሻ በልጅ ልጃቸው ጥረት ታትሞ የወጣው በ2003 ነው። ያን ጊዜ ከልጆቹ በሕይወት የነበሩት ሽማግሌና ባልቴት ሆነው ነበር፤ ከመካከላቸውም በሌላ ስም ያደጉ ነበሩ።