ቃል የሰበሰቡት አቶ ዮና ቦጋለ

የኡልፓን ጓደኞቼ፣ ሞራችን ስሙ ስለታወቀ ስለ አንድ ሰው ሕይወት ጻፉ ስትለን እኔ የመረጥኩት አቶ ዮና ቦጋለን ነው። ምክንያቴ ቃል ነው። አርባን አልፎ አዲስ ቋንቋ መማር ምን እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ። ኩፓት ኾሊም ስሄድ ሕመሜን ለሐኪሙ የምትነግርልኝ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ናት። ለልጅ የማይነገር ሕመም ደግሞ አለ።

አቶ ዮና የተወለዱት ጎንደር አጠገብ ወለቃ ነው። ወለቃን የማያውቅ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1921 ዶክተር ፋይትሎቪች ገና ልጅ ሳሉ ወደ ኢየሩሳሌም ወስደው ትምህርት ቤት አስገቧቸው። ያን ጊዜ የእስራኤል መንግሥት የለም፣ አገሩን የሚገዛው እንግሊዝ ነው፣ ኡልፓን የሚባልም ነገር የለም። ከዚያ ጀርመን አገር ፍራንክፈርት ሄዱ፤ ስዊዘርላንድና ፈረንሳይም ተማሩ። እስቲ አስቡት፣ የወለቃ ልጅ አንዱን ቋንቋ ለመድኩ ሲል ሌላው ይመጣበታል!

ተምረው ሲጨርሱ አገራቸው ተመልሰው አስተማሪ ሆኑ። ጣሊያን ወጥቶ በ1941 ንጉሡ ሲመለሱ በትምህርት ሚኒስቴር ሠሩ፣ ትርጉምም ሠሩ። ደህና ደመወዝ ያለው ሥራ ነበር። እሳቸው ግን በ1953 ትተውት የቤተ እስራኤልን ልጆች ትምህርት ያዙ። በየመንደሩ በዓሉ መቼ እንደሚውል እንዲታወቅም የአይሁድን የበዓላት መቁጠሪያ በአማርኛ ያወጡ ነበር።

ከሥራቸው ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ግን የዕብራይስጥና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀታቸው ነው። መዝገበ ቃላት በዕብራይስጥ ሚሎን ነው፤ ሚላ ማለት ቃል ነዋ። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዕብራይስጥና አማርኛ ዘመዳሞች ናቸው፣ ዘመድ ደግሞ ያታልላል። ሴፌር ሲሉ የምንኖርበት ሰፈር አይደለም፣ መጽሐፍ ነው። ሻማ ሲሉ የሚበራው ሻማ አይደለም፣ ሰማ ማለት ነው። ካል ሲባል ደግሞ ቃል ይመስላል፣ ፍቺው ግን ቀላል ነው። ዝምድናው እውነት የሚሆንበትም አለ፤ ተረጎመ የምንለውን እነሱ ቲርጌም ይሉታል። አነጋገሩም አለ። የኛ ሐ እንደ ሀ ነው የሚነበበው፤ የነሱ ኼት ግን ሌኼም ሲሉ እንደ ኸ ከጉሮሮ ይወጣል። የምንኖርበት ሮቫ ዩድ ዛይን እንኳ ስሙ ቁጥር ነው። ዩድ አሥር፣ ዛይን ሰባት፤ ልክ ግዕዙ ፲፯ ብሎ እንደሚጽፈው። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ለይቶ፣ ይኼ ማለት ይኼ ነው ብሎ መጻፍ ትዕግሥት ይፈልጋል። እኔ በቀን አምስት ቃል ይዤ ሦስቱ ይጠፉብኛል።

በኋላ በደርግ ዘመን ጎንደር ውስጥ ዕብራይስጥ ማስተማር የሚያሳስር ሆነ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አስተማሪዎች ታስረው ተገርፈዋል። ዛሬ እኛ ደብተር ይዘን ቁጭ ብለን ደከመን የምንለው ትምህርት ያን ጊዜ ወንጀል ነበር።

አቶ ዮና በ1979 እስራኤል ገቡ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ካናዳ ሞንትሪያል ሄደው የሰሜን አሜሪካ አይሁድ ማኅበራት መሪዎች በተሰበሰቡበት ቆመው ስለ ሕዝባቸው ተናገሩ፤ ወገኖቻቸው እንዲደረስላቸው ለመኑ። አስታራቂም አማላጅም አላስፈለጋቸውም፣ በራሳቸው አንደበት ነው። በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ የመጡትን በ1984 እና በ1985 ለማየት በቁ። በ1987 አረፉ። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰው ሲገባ እሳቸው አልነበሩም።

ከቀድሞ መጪዎች መካከል ያ መዝገበ ቃላት በቤቱ ያለ ሰው ካለ፣ ለክፍላችን ቢያውሰን በጥንቃቄ ይዘን እንመልሳለን። ለሞራችን መንገር ይቻላል።