ጥላሁን ገሠሠ፡ የተራበ ወገኑን ያላስረሳ ድምፅ

ዋግ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ሳለች፣ በ1977 ዓ.ም የደረሰው ድርቅ ክፉኛ ከጎዳቸው አካባቢዎች አንዷ ነበረች። ረሃብ ሲነሣ ከሰቆጣ እስከ አዲስ አበባ አብሮ የሚነሣ ዜማ አለ፤ "ዋይ ዋይ ሲሉ"። የተራበውን ሕዝብ ሰቆቃ በዜማ ያሰማው ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ ነው።

ጥላሁን ከእናቱ ከወይዘሮ ጌጤ ጉርሙና ከአባቱ ከአቶ ገሠሠ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተወለደ። በልጅነቱ ወደ ወሊሶ ተወስዶ በአያቱ እጅ አደገ፤ በራስ ጎበና ትምህርት ቤትም ፊደል ቆጠረ። ልቡ ግን ከዜማ አልራቀም። አያቱ በትምህርቱ እንዲገፋ ይሹ ነበር፤ ዘፋኝነት በዚያ ዘመን ለጨዋ ልጅ የሚመኙት ሙያ አልነበረምና።

የአገር ፍቅር ማኅበር ከያንያን ለትርኢት ወሊሶ በመጡ ጊዜ የታዳጊው ምኞት መንገድ አገኘ። ከመካከላቸው ኢዮኤል ዮሐንስ ወደ አዲስ አበባ እንዲሄድ መከረው። ጥላሁን ከቤት ኮበለለ፤ በእግሩ ቱሉ ቦሎ ደርሶም ከዘመድ ቤት ተጠጋ። ቤተሰቡ ወደ ወሊሶ ቢመልሰው ዳግመኛ ጠፋ። በዚህኛው ጉዞ በጭነት መኪና ተሸሽጎ አዲስ አበባ ገባ።

በአገር ፍቅር የጀመረው ሙያ ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ አሸጋገረው፤ በዚያም ስሙ ገነነ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመሩት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ፣ መዘዙ ለድምፃዊውም ተረፈ፤ ታሰረ። ከእስር ሲወጣ ወደ መድረኩ ተመለሰ፤ ኋላም በብሔራዊ ቴአትር አገለገለ።

በአማርኛና በኦሮምኛ ያዜማቸው ዘፈኖች ፍቅርን፣ ናፍቆትን፣ አገርንና ወገንን ያነሡ ነበር። ሬዲዮ በደረሰበት ገጠር ሁሉ ድምፁ ደርሷል። መድረክ ላይ የተራበ ወገኑን ሲያነሣ እንባውን አይሰስትም ነበር፤ ከተሜው የሩቁን ሰው ረሃብ እንደራሱ እንዲቆጥር ካደረጉት መካከል የእርሱ ዜማ ይገኝበታል። በድርቅ ዓመት እህሉንም ከብቱንም ላጣ ገበሬ፣ ሐዘኑ በአገር ፊት መነገሩ ቀላል ነገር አልነበረም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሙያው የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። የኋለኛው ዘመኑ ግን በሕመም የተፈተነ ነበር። የስኳር በሽታ አንድ እግሩን ቢያሳጣውም ከመድረክ አላራቀውም።

ጥላሁን ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም፣ የትንሣኤ በዓል በዋለበት እሑድ፣ በ68 ዓመቱ ዐረፈ። እልፍ አእላፍ ሕዝብ በመስቀል አደባባይ ተሰናብቶት፣ አስከሬኑ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በመንግሥታዊ ሥነ ሥርዓት ዐረፈ። ክረምት ሲዘገይና ሰማዩ ሲጠራ ግን የዋግ ሰው ያንን ዜማ ያስታውሳል፤ የተራበ ሰው ድምፅ እንደሚያስፈልገው ዛሬም ይናገራልና።